ከቁርጭምጭሚት ስብራት በኋላ ወደ ሩጫ ለመመለስ ከየት ልጀምር?

የሰሚቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ክረምት ላይ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ኦፕሬሽን ተሠራሁ፤ ብረት ገባልኝ። ከዚያ ጀሶ፣ ከዚያ ክራንች። አሁን ሐኪሙ አጥንቱ ገጥሟል፣ መንቀሳቀስ ትችያለሽ ብሎኛል። እንዴት እንደምንቀሳቀስ ግን የነገረኝ የለም።

ከመሰበሬ በፊት ጠዋት ጠዋት እሮጥ ነበር፤ ታላቁ ሩጫንም ጨርሻለሁ። አሁን የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ስወጣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ልቤ ድው ድው ይላል። ቀኝ ባቴ ከግራው ቀጥኗል። ክብደት ጨምሬያለሁ። ሌሊቱን በስልክ አነጋለሁ፣ ቀን ሲደብረኝ ሻይ በዳቦ ነው። ሰሞኑን ቀስ ብዬ ሮጥ ሮጥ ስል ትንፋሼ ቻለው፤ በማግስቱ ግን እግሬ አብጦ መርገጥ አቃተኝ። እናቴ ወጌሻ ይሽሽ ትላለች። ሁዳዴም ገብቷል፣ ጾሜን መተው አልፈልግም። ያለፈበት ወይም የሚያውቅ ሰው ይርዳኝ።

ፊዚዮቴራፒስቱ፦
እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ጀሶው ከተፈታ በኋላ መንገዱ የጠፋባቸው ሰዎች በየቀኑ ይመጡልኛል፣ በጣም ያሳዝነኛል። ኦፕሬሽኑ ግማሹ ሥራ ነው። ቀሪውን የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ይህን ያዢ። ትንፋሽ ቶሎ ይመለሳል፤ ለጥቂት ሳምንታት ከተንቀሳቀስሽ ለውጡ ይሰማሻል። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ሳንባሽ "እችላለሁ" ባለሽ ቀን እግርሽ ገና ነው። በማግስቱ ያበጠውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ልኩን የሚወስነው እግርሽ እንጂ ትንፋሽሽ አይሁን።

ሩጫውን ለጊዜው ተይውና ባትሽን አጠንክሪ። ግድግዳ ይዘሽ በሁለቱም እግር ጣቶችሽ ላይ ተነሺ፣ ከዚያ ተረከዝሽን ቀስ ብለሽ አውርጂ። ሲቀልሽ በሁለቱ ተነሥተሽ በቀኙ ብቻ ውረጂ። በመጨረሻ መነሣቱንም በቀኙ ብቻ ታደርጊዋለሽ። በግራ እግርሽ ስንት ጊዜ እንደምትችይ ቁጠሪ፤ ቀኙ ወደዚያ ሲጠጋ ያኔ ስለ ሩጫ እናወራለን። ሌላው ሚዛን ነው። ጥርስሽን ስትቦርሺ በቀኝ እግርሽ ብቻ ቁሚ። የተጎዳ ቁርጭምጭሚት ሚዛን መጠበቅ ይቸግረዋል፤ ይህን ካልመለስሽ እንደገና ወለም ሊልሽ ይችላል።

ስትሠሪ ትንሽ ቢያምሽ አትደንግጪ። መለኪያሽ የማግስቱ ጠዋት ነው። ሕመሙ ወይም እብጠቱ ከትናንት ከባሰ ቀንሺ፣ ካልባሰ ቀጥዪ።

ስለ ወጌሻው፦ እናትሽ ስለምትወድሽ ነው። ግን ብረት ያለበት እግር አይታሽም። አጥብቆ ማሰርም አለ፤ የደም ዝውውር ተቋርጦ እግራቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። እባክሽን በዚህ ነገር ጽኚ።

የጃን ሜዳው፦
ልጄ፣ አይዞሽ። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ2000 የሲድኒ ኦሎምፒክ በኋላ የተረከዝ ጅማቱን ኦፕሬሽን ተደርጓል። በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2፡03፡59 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ቀነኒሳም ባቱ ለዓመታት አሠቃይቶታል፤ በ2019 እዚያው በርሊን 2፡01፡41 ገባ፣ የያኔው ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ብቻ አመለጠው። ቀኑ ሲደርስ ይመጣል።

እኔ በዕድሜዬ ብዙ ሯጭ ሲጎዳና ሲመለስ አይቻለሁ። በእርምጃ ጀምሪ። ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለሽ ተራምደሽ በማግስቱ ካላበጠ፣ አንድ ደቂቃ ሩጫ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያልሽ ቀጥዪ። በየቀኑ ሳይሆን ቀን እየዘለልሽ። ኮብልስቶን ላይ እንዳትሮጪ! ለጤነኛ ቁርጭምጭሚትም አይመችም። ሜዳ ፈልጊ፣ የተስተካከለ ሣር ወይም አፈር። እንጦጦን ለኋላ አቆዪው፤ ዳገቱ ትንፋሽ ቢያሳጥርም እግር የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው። ደግሞ አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ስለዚህ ደረጃ ላይ ልብሽ ቢመታ አትፍሪ። ጎን ለጎን ማውራት እስከቻልሽ ድረስ ልኩ ነው።

የልጆች እናት፦
እህት፣ ጾሙን በጭራሽ አትተዪው፤ ጾመሽም ጡንቻ ይመለሳል። ብቻ ሻይና ዳቦው ምግብ አይሁንብሽ። ምስር፣ ሽሮ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒ በየማዕዱ ይኑር። እኔ ሽሮውን ወፈር አድርጌ ነው የምሠራው፣ እንጀራውን ቀነስ። መክሰስ ሲያምርሽ የሽምብራ ቆሎ። ልምምዱን ከመፍቻሽ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብለሽ ብትሠሪው ወዲያው ትበያለሽ፣ አይደክምሽም።

ስልኩን ደግሞ ሳሎን ቻርጅ አድርጊው። መኝታ ቤት ከገባ አትተኚም። እኔ ከእንቅልፉ ነበር የጀመርኩት፣ ሌላው ራሱ ተከተለ።

የሰሚቷ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዛሬ ማታ ከግድግዳው እጀምራለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሳልሮጥም ማታ ማታ እግሬ እብጥ ይላል፤ ጠዋት ይጎድላል። ያሰጋል?

ፊዚዮቴራፒስቱ፦
ጠዋት የሚጎድል ከሆነ ከእንዲህ ያለ ስብራት በኋላ ለወራት የሚያጋጥም ነው። ጋደም ብለሽ እግርሽን በትራስ ከልብሽ በላይ ከፍ አድርጊው። ባትሽ ግን በድንገት ካበጠ፣ ከጋለና ካመመሽ፣ ይልቁንም ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ፣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳትጠብቂ ወዲያው ሆስፒታል ሂጂ። ለእናትሽም ንገሪያት፣ እንዲህ ካየች እንዳታሽሽ።