ለአፋር በረሃ የሚሆን መኪና ላሰራ ነው፣ ሃርድቶፕ፣ ኮብራ ወይስ ፒክአፕ?

ፎቶ_መንገደኛ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ልምድ ያላችሁ ሰዎች እንድትመክሩኝ ፈልጌ ነው። ስራዬ ፎቶ ማንሳት ነው፣ በዓመት ሶስት አራት ጊዜ በአዋሽ በሚሌ አድርጌ ሰመራ ከዛም ወደ አፍዴራና ኤርታሌ እወርዳለሁ፣ አንዳንዴ ደሞ ወደ ባሌ ሰነቴ እወጣለሁ። እስካሁን በኪራይ መኪና ነበር የምሄደው ግን የኪራይ መኪና የራስህ አይደለም፣ ጎማው ምን እንደሆነ አታውቅም፣ ሾፌሩ እመለስ ካለ ትመለሳለህ፣ ጥሩው ብርሃን ሲመጣ እኔ መንገድ ላይ ነኝ። ስለዚ ያጠራቀምኳትን ይዤ አንድ መኪና ገዝቼ ቀስ እያልኩ ለበረሃ ላሰራው ወስኛለሁ። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ያው አገር ውስጥ ካለው ነው የምንመርጠው፣ ያየኋቸው ሶስት ናቸው።

አንደኛው ከጨረታ የተገዛ ረጅሙ ሃርድቶፕ (የቶዮታ ላንድክሩዘር)፣ 78ቱ፣ 1ኤችዜድ ሞተር፣ ቀለሙ አልቋል ግን ይሄዳል። ሁለተኛው ኮብራ (ላንድክሩዘር 80ው) ቤንዚን 4.5፣ ውስጡ በጣም ምቹ ነው ልቤም እዛ ነው ያለው። ሶስተኛው ደብል ጋቢና ሂሉክስ ቪጎ 3.0 ናፍጣ፣ ከሶስቱ ንፁሁ እሱ ነው። የትኛውን ልያዝ? ደሞ አንድ ጓደኛዬ ከፍ አስደርገው፣ ትልቅ ጎማ ግጠምለት፣ ሃርድቶፑን ከወሰድክ ቱርቦ (ለሞተሩ አየር ገፍቶ የሚያስገባውን) አስገባለት እያለኝ ነው። ከምኑ ልጀምር?

የሎግያ_ሾፌር

ወንድሜ እንኳን ከመግዛትህ በፊት ጠየቅክ። እኔ ቱሪስት ይዤ ዳሎልና ኤርታሌ ብዙ ዓመት ተመላልሻለሁ። መኪና ስትመርጥ ስንት ፈረስ ጉልበት አለው ብለህ አትጀምር፣ የቆመ ቀን ማን ያነሳዋል ብለህ ነው የምትጀምረው። በረሃ ላይ የማይቆም መኪና የለም፣ ልዩነቱ ቆሞ ይቀራል ወይስ በቁልፍና በሽቦ ተነስቶ ይሄዳል ነው።

አንዴ ሁለት መኪና ሆነን ነበር፣ እኔ ሃርድቶፕ ይዣለሁ፣ ጓደኛዬ በኮምፒውተር የሚሰራ ፒክአፕ ይዟል፣ ነዳጅ አልቆብን ሁለታችንም ከአንድ በርሜል ናፍጣ ቀዳን። ናፍጣው ውሃ ነበረው። የኔ መንተፋተፍ ሲጀምር ወርጄ የናፍጣ ፊልትሮውን ከስር ፈትቼ ውሃውን አፈሰስኩ፣ በእጅ ፖምፓው አየሩን አስወጥቼ አስነሳሁት፣ ሃያ ደቂቃም አልፈጀ። የሱ ኢንጀክተሮቹ ተበላሽተው ጠፋ፣ ጎትቼው ወጣን፣ ያን ሙቀት እስካሁን አልረሳውም። መኪናው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ ግፊቱ ከፍተኛ የሆነ አዲስ የናፍጣ ሲስተም ንፁህ ነዳጅ ይፈልጋል፣ እኛ ደሞ የምንቀዳው ከተገኘው ነው። 1ኤችዜድ ግን ቱርቦ የሌለው፣ ሜካኒካል ፖምፓ ያለው ባለ 6 ሲሊንደር 4.2 ሞተር ነው፣ የማያውቀው መካኒክ ከሞያሌ እስከ ሰመራ አታገኝም። መለዋወጫውም ሶማሌ ተራ ሄደህ አዲስም አሮጌም ታገኛለህ።

78ቱ ደሞ ሁለት ሰርባቶ (የነዳጅ ታንከር) ያለው ከሆነ እያንዳንዱ 90 ሊትር ስለሚይዝ 180 ሊትር ማለት ነው፣ ያንን ሁሉ ጄሪካን ጣራ ላይ ከመጫን ይገላግልሃል። የጣራ ጭነት በተዳፋት ላይ መኪና ይገለብጣል፣ እባክህ ፖርቶ መጋላው ላይ ከድንኳንና ከቀላል ነገር በስተቀር አትጫን።

ሻርጃ_ያለሁት

እኔ ኢምሬትስ ነው የምኖረው፣ አርብ አርብ ከስራ ባልደረቦቼ ጋር አሸዋ እንወጣለን፣ እዚህ ሁሉም ሰው የሚወደው ኒሳን ፓትሮል ባለ 4.8 ቤንዚኑን ነው፣ ምክንያቱም የአሸዋ ክምር ለመውጣት ሞተሩ ከፍ ብሎ መዞር አለበት፣ ቀስ ካልክ ትሰምጣለህ። በዚህ ሂሳብ ከሆነ ኮብራውን ውሰድ እልህ ነበር፣ ፊትም ኋላም ሞላ (ጥቅልል ስፕሪንግ) ስለሆነ በአሸዋ ላይ መርከብ ነው። ግን አፋርን አንዴ መጥቼ አይቼዋለሁ፣ አፋር ክምር አሸዋ ሳይሆን ድንጋይ፣ ጨውና ዱቄት የመሰለ ትቢያ ነው የሚበዛው፣ ስለዚ የኛን ነገር እንዳለ እንዳትቀዳ። ያ 4.5 ቤንዚንም ጭነት ይዞ ለስላሳ መሬት ላይ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ20 ሊትር በላይ ይጠጣል፣ እኛ እኮ ማደያ አጠገባችን ነው።

ከዚህ የሚሰራልህ አንድ ነገር የጎማ አየር ነው። አሸዋ ከመግባታችን በፊት ወደ 15 ፒኤስአይ እናወርዳለን፣ አየሩ ሲቀንስ ጎማው ይረዝምና መሬቱ ላይ ይተኛል፣ አካፋ ሳታነሳ ትወጣለህ። አስፋልት ስትደርስ ግን የግድ መልሰህ ትነፋለህ፣ በቀነሰ አየር ፈጥነህ ከሄድክ ጎማው ግሎ ይፈነዳል። ስለዚ ከማንኛውም ጌጥ በፊት ጥሩ የአየር ኮምፕረሰርና የአየር መለኪያ ግዛ።

ትንሿ_ጂምኒ

ሰው ሁሉ ትልቅ ትልቁን ሲያወራ እኔ ስለ ትንሿ ልናገር። ጂምኒ ነው የምነዳው፣ 1,100 ኪሎ አካባቢ ነው የሚመዝነው፣ ከሃርድቶፑ ግማሽ ማለት ነው፣ ፊትና ኋላው ሙሉ አክስል ነው፣ ሎው ማርሽ አለው፣ ሌላው የሚሰምጥበት ጭቃ ላይ እኔ አልፋለሁ፣ ከተያዝኩም ሁለት ሰው ገፍቶ ያወጣኛል። ሰነቴ ላይ ከሱ የተሻለ አላየሁም። ግን ሀቁን ልንገርህ ነዳጁ 40 ሊትር ብቻ ነው፣ ውሃህን፣ ካሜራህን፣ ሁለት ትርፍ ጎማና አንድ የአካባቢ መሪ ስትጭን ሞልቷል። አፋር ላይ ደሞ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 5 ሊትር ውሃ አስብ፣ ለመኪናው ለብቻ። ብቻህን ባሌ የምትመላለስ ብትሆን ኖሮ በጂምኒ እሟገትህ ነበር።

መካኒክ_22

የመካኒክ ቃል ስሙኝማ። ጓደኛህ የነገረህን ቱርቦ እርሳው፣ በጣም ነው የምለምንህ። 1ኤችዜድ ኮምፕረሽኑ ከ22 በላይ ነው፣ ለቱርቦ ተብሎ የተሰራ አይደለም፣ አስገብተህ ዳገት ላይ ስትረግጠው ሙቀቱ ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ይሰነጥቀዋል። ተሰንጥቆ የመጣልኝን ስንቱን ፈትቻለሁ። ደሞ እስቲ አስበው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ከባህር ጠለል ሲነፃፀር ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ያቃስታል፣ ሰነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ስትወጣ ጭራሽ ጥቁር ጭስ ይተፋል። አንተ ግን ወደ ዳሎል ቆላ ነው የምትወርደው፣ ከባህር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ፣ እዛ ሙሉ አየር ያገኛል፣ የጎደለው ጉልበት በራሱ ይመለስልሃል። እዛ የሚያስፈልግህ ማቀዝቀዣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 ዳሎል ላይ ተለክቶ የተገኘው አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነው፣ አማካይ ማለት ሌሊቱም ቀዝቃዛ የሚባለው ወርም ተቆጥሮ ነው።

ስለዚ ብርህን እንዲህ አውጣው። መጀመሪያ ራዲያተሩን አውርደህ አሳጥብ፣ ቱቦዎቹን በሙሉ ቀይር፣ የፋን ክላቹን አስፈትሽ፣ የውሃ ፖምፓውን እይ። ታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚነግርህ ሰው ከሌለ አልተቀየረም ብለህ ቀይረው፣ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው ዕድሜው፣ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ከዛ አሞርዛተርና ባሌስትራ (የቅጠል ስፕሪንግ)። የጨረታ መኪና ኋላው ብዙ ጊዜ የደከመ ነው፣ አንድ ቅጠል ጨምረህ አዲስ አሞርዛተር ግጠምለት፣ ከፍታውም 5 ሳንቲም ያህል ይጨምራል፣ ከዛ በላይ ማስነሳት ለመሪውም ለካርዳኑም ጣጣ ነው። የፊት አክስሉን ኳስ ጨርቅ ይዘህ ጥረገው፣ ቅባትና ዘይት ተቀላቅሎ እየወጣ ከሆነ ኦይል ሲሉና ኩሽኔታው ይቀየራል፣ ዋጋ ስትደራደር ያንን ንገራቸው። የአየር ፊልትሮ ቤቱን ክፈትና ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቱቦ ውስጥ ጣትህን አስገባ፣ አቧራ ካገኘህ ያንን መኪና አትግዛው፣ ሞተሩ ትቢያ በልቷል።

አንድ የሚረሳ ነገር፣ ቸርኬ ስትገዛ ብሎኑን ቁጠር። ድሮ የነበረው ሃርድቶፕ 75ቱ፣ ኮብራውና ሂሉክሱ ባለ 6 ብሎን ናቸው፣ 78ቱ ባለ 5 ነው። አብሮህ የሚሄደው መኪና ባለ 6 ከሆነ ጎማ አትበዳደሩም።

ፎቶ_መንገደኛ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ማታ ተቀምጬ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ልቤ ከኮብራው ለመውጣት ተቸግሯል ግን ሃርድቶፑን ነገ መካኒክ ይዤ ሄጄ ጣቴን ቱቦው ውስጥ አስገባለሁ። ቱርቦውን ትቼዋለሁ። ጋሼ የሎግያ ሾፌር አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ጎማውስ? ትልቅና ጥርሳም ጎማ ነው የሚባለው፣ ደሞ ዊንች (መኪናውን በገመድ ስቦ የሚያወጣውን) ልግዛ ወይ?

የሎግያ_ሾፌር

ዊንች ምን ላይ ታስረዋለህ ልጄ? እዛ ዛፍ የለም። የዊንቹን ብር ለሁለተኛ መኪና ነዳጅ አድርገው፣ ብቻህን አትግባ። ጠንካራ የመጎተቻ ገመድ፣ ሁለት አካፋ፣ ከክሪኩ ስር የሚገባ ሰፊ ጣውላ ይዘህ ሁን፣ ጣውላ ከሌለ ክሪኩ ራሱ አሸዋ ውስጥ ይገባል።

ጎማውን በተመለከተ ጥርሱን ሳይሆን ጎኑን እይ። የኤርታሌ ድንጋይ የቀዘቀዘ ላቫ ነው፣ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ነው የሚቆርጠው፣ ጎን ከተቀደደ ጎሚስታ አይሰፋውም። ለከባድ ጭነት የተሰራ፣ ጎኑ ወፍራም የሆነ ቀጭኑ 7.50 በ16 ይበቃሃል፣ ካላማዳሪ (የውስጥ ላስቲክ) ያለው ስለሆነ መንገድ ላይ በራስህ ፈትተህ ትጠግነዋለህ፣ ስለዚ ሁለት ስኮርት ጎማና ሁለት ትርፍ ካላማዳሪ ያዝ። የሻርጃው ልጅ ያለው 15 ለአሸዋ ልክ ነው፣ ላቫው ላይ ግን እንዳታደርገው፣ አየር ሲቀንስ ጎኑ ወደ ውጪ ይወጣና ድንጋዩ ያገኘዋል። እዛ ከ25 አትውረድ፣ ቀስ ብለህ በሎው አንደኛ ማርሽ ሂድ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሰዓታት ቢፈጅ አትናደድ። አዲስ አበባ ላይ የለካኸውን አየርም አትመነው፣ ከፍታና ሙቀት ሲቀየር መለኪያው ይቀየራል፣ ሰመራ ስትደርስ ጠዋት ጎማው ሳይግል እንደገና ለካ።

ጨው ላይ የአፋር መሪዎቹ ከሚሄዱበት ዱካ አትውጣ፣ ላዩ ደረቅ መስሎ ከስሩ ጭቃ ያለበት ቦታ አለ፣ እነሱ ያውቁታል። ስትመለስ ደሞ ቤትህ እስክትደርስ አትጠብቅ፣ ጣፋጭ ውሃ ያለበት የመጀመሪያው ከተማ ላይ ስሩን በሙሉ አሳጥበው፣ ሻንሲውን ውስጡን ጭምር። ሃርድቶፑን ስታየው መጀመሪያ እዛ ተኛና ሻንሲውን በመዶሻ ቀስ እያልክ ምታው፣ ድምፁ ከደነቆረ ዝገት ነው።