ውድ የሩጫ ጫማ ወይስ ባዶ እግር?

ጀማሪው_ሯጭ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሩጫ ከጀመርኩ አራት ወሬ ነው፣ በሳምንት ሦስቴ አምስት አምስት ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ። የጫማዬ ሶል አልቋል። አንዱ ጓደኛዬ «ሶሉ ውስጥ የካርቦን ዝርግ ያለውን ግዛ፣ ለጉልበትህ ነው» ይለኛል። ሌላው ደግሞ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ ያሸነፈው፣ ብርህን አታባክን» ይላል። ባለፈው ሳምንት ጫማዬን አውልቄ ሣር ላይ ሞከርኩት። ደስ ይላል! ግን በማግስቱ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ማንን ልስማ?

አዛውንት_ሯጭ፦ አበበን ሁሌ ሮም ላይ ነው የምታቆሙት። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሊምፒክ ማራቶን በባዶ እግሩ 2:15:16 ገባ፣ እሺ። በ1964 ቶኪዮ ላይስ? ጫማ አድርጎ 2:12:11፣ ያውም የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው። ጫማው ነው ያፈጠነው እያልኩ አይደለም፣ ሰውየው በሁለቱም ያሸንፍ ነበር። ሮም ላይም ያወለቀው የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው ነው፣ በባዶ እግር መሮጥ ደግሞ ድሮም የለመደው ነበር። አንተ ለምደሃል?

ስንጥቁ፦ ያመመህ ባትህ ነው አይደል? ጫማ ስናደርግ አብዛኞቻችን በተረከዝ ነው የምናርፈው፣ ወፍራሙ ሶል ስለሚያለዝበው አይታወቀንም። ጫማው ሲወልቅ ተረከዝ ስለሚያም ሳታስበው በፊተኛው የእግርህ ክፍል ማረፍ ትጀምራለህ፣ እርምጃህም ያጥራል። ጉልበት ይቀለዋል። ሸክሙ ግን የትም አልሄደም፣ ወደ ባትና ወደ ተረከዝ ጅማት ነው የወረደው።

እኔ ይሄን የተማርኩት በከባዱ ነው። በባዶ እግር መሮጥ ፋሽን የሆነ ሰሞን፣ ሦስት ሳምንት እንደሮጥኩ፣ ባቴ ለመደ ብዬ ርቀቱን ጨመርኩና ከጣቶቼ በላይ ያለው ቀጭን አጥንት ተሰነጠቀ፤ አጥንት ከጡንቻ ዘግይቶ እንደሚለምድ ማን ነግሮኝ! ሁለት ወር ተቀመጥኩ። (የተጠቃሚ ስሜም ከዚያ የመጣ ነው።) ስኳር ኖሮበት እግሩ የሚደነዝዘው ሰው ደግሞ ጭራሽ አይሞክረው፣ ቁስሉን ሳያውቀው ይከርማል።

ፎም_ወዳድ፦ ካርቦን ያለው ጫማ አለኝ፣ እወደዋለሁም፣ ግን ጓደኛህ ተሳስቷል። እሱ የውድድር ጫማ ነው። ብዙውን ሥራ የሚሠራው ደግሞ ካርቦኑ ሳይሆን ፎሙ፣ ማለትም ስፖንጅ መሰሉ የሶል ክፍል ነው፣ ቀላል ነው፣ ስትረግጠው ይጨመቅና መልሶ ይገፋሃል። ጥቅሙ እውነት ባይሆን የዓለም አትሌቲክስ በ2020 የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ውስጡ ያለው ዝርግም ከአንድ በላይ እንዳይሆን ባልገደበ ነበር። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ስትገባ ያደረገችው ጫማ 138 ግራም ነበር፣ ከስልክህ ይቀላል! ግን የተሠራው ለአንድ ማራቶን ያህል እንዲያገለግል ነው። አንተ ደቂቃ ልትቆርጥ ካልሆነ ምን ያደርግልሃል? ጉልበት ከጉዳት ለመጠበቅማ አልተሠራም።

ስንጥቁ፦ እስማማለሁ። መካከለኛውን ግዛ፣ ሱቅ ውስጥ ሮጠህ የተመቸህን። ጣትህ ፊት ለፊት ትንሽ ክፍት ቦታ ይኑረው፣ ሲሮጡ እግር ያብጣል። አንድ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ በአንተ ሩጫ ከስምንት ወር እስከ ዓመት ነው። ባዶ እግሩን ከወደድከው አትተወው፣ ከሩጫ በኋላ ሣር ላይ አምስት ደቂቃ። ባትህ በማግስቱ ካልጮኸ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምር።

ጀማሪው_ሯጭ፦ ተባረኩ። ለሁለቱም ጓደኞቼ ይሄን ልልክላቸው ነው፣ ይጣሉበት። ደረጃውን ዛሬ ወረድኩት፣ መደገፊያውን ይዤ ቢሆንም።