ልጄ ታላሲሚያ አለበት፣ ቁመቱ ቆሟል አጥንቱም ሳስቷል ተባልን

የልጁ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ታላሲሚያ ሜጀር ነው፣ ሲወለድ ጀምሮ ያለ ከባድ የደም ማነስ በሽታ ነው፣ ከህፃንነቱ ጀምሮ በየ3 ሳምንቱ ደም ይወስዳል። አሁን 14 ሞልቶታል ግን ምንም የጉርምስና ምልክት የለውም፣ ድምፁም እንዳለ ነው። በሩ ጎን ላይ ቁመቱን በእርሳስ እናሰምር ነበር፣ የአምናውና የዘንድሮው መስመር መሃል አንድ ጣት እንኳ አይሞላም፣ ታናሽ እህቱ ካለፈችው ወዲህ ደግሞ ና ልለካህ ስለው እምቢ ይላል። ባለፈው ወር ጀርባዬን አመመኝ ሲል ዴክሳ የሚባለው የአጥንት ጥግግት ምርመራ ተነሳና ዜድ ስኮሩ (ከእኩዮቹ ጋር ሲነፃፀር ማለት ነው) -2.6 ነው፣ አጥንቱ ሳስቷል አሉን። የበሽታው ፀባይ ነው ብዬ ልቀመጥ ወይስ የሚደረግ ነገር አለ? ካልሲየም ገዝቼ ልስጠው?

ታላ31፦
እህቴ እባክሽ እንዳትቀመጪ። እኔም በሽታው አለብኝ፣ 31 ዓመቴ ነው፣ እስከ 17 ዓመቴ ድረስ "ቤተሰቡ አጭር ነው" እየተባለ ሆርሞን ያየልኝ ሰው አልነበረም። አንድ ከረጢት ደም ወደ 200 ሚሊግራም አይረን ይዞ ይገባል፣ ሰውነት ደግሞ ትርፉን የሚያስወጣበት መንገድ የለውም፣ ስለዚህ ጉበት ላይ ልብ ላይ እና ጭንቅላት ውስጥ ያለችው ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ እጢ ላይ ይከማቻል። ጉርምስናን የምታስጀምረው እሷ ናት፣ እሷ ከተጎዳች ቴስቶስትሮን አይመረትም፣ ያ ከሌለ ቁመቱም ጡንቻውም አጥንቱም አብረው ይቀራሉ። ወንድ ልጅ 14 ሞልቶት የዘር ፍሬው ማደግ ካልጀመረ፣ ሴት ደግሞ 13 ሞልቷት ጡት ካላወጣች ይመርመሩ የሚባለው ለዚህ ነው። አሁኑኑ የሆርሞን ሐኪም ይየው፣ የአጥንት ዕድሜውን በግራ እጁ ራጅ ያዩለታል፣ አጥንቱ የሚረዝምበት የእድገት መስመር ገና ካልተዘጋ ጊዜ አላችሁ።

ነርስ ነኝ፦
ደም የሚሰጥበት ክፍል ነው የምሰራው። ካልሲየሙን በራስሽ አትጀምሪለት፣ መጀመሪያ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየም፣ ፎስፌት፣ ፓራታይሮይድ፣ ታይሮይድ፣ ስኳርና ዚንክ ይታዩ፣ አንዳንድ ታላሲሚያ ያለባቸው ልጆች ካልሲየም በሽንት ስለሚወጣባቸው ኩላሊታቸው ጠጠር ሊሰራ ይችላል። ቫይታሚን ሲም እንደዛው፣ በዛ ብሎ ከተወሰደ የተከማቸውን አይረን አስለቅቆ ልብን ይጎዳል። ስለ ዴክሳው ደግሞ ማሽኑ አጥንትን እንደ ፎቶ ጠፍጣፋ አድርጎ ነው የሚያየው፣ አጭር ልጅ አጥንቱ ከሆነው በላይ የሳሳ መስሎ ይወጣል፣ ስለዚህ ለቁመቱ ተስተካክሏል ወይ ብለሽ ጠይቂ። እኔን ግን ከቁጥሩ ይልቅ ያሳሰበኝ የጀርባው ህመም ነው፣ የአከርካሪ ራጅ ይነሳ፣ ሳይወድቅ የተሰበረ አከርካሪ ካለ ያ ብቻውን ህክምና ይፈልጋል። ፌሪቲኑ፣ ማለትም የአይረን ክምችቱን የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ስንት ነው? አይረን ማውጫ መድኃኒቱስ የቱ ነው?

የልጁ እናት፦
ዴስፌራል ነው፣ ማታ ማታ በፓምፕ። ፌሪቲኑ 3200። እውነቱን ልናገርና እኔ ከተኛሁ በኋላ መርፌውን ነቅሎ ፓምፑን ትራስ ስር ይደብቀዋል፣ ሳገኘው ተቆጥቼው ያውቃል፣ አሁን ይፀፅተኛል።

ያባት አስተያየት፦
የኔዋ ልጅ ደም ከመውሰዷ በፊት ሄሞግሎቢኗ 7 እስኪደርስ ይጠበቅ ነበር። ከ9.5 እስከ 10.5 መሆን እንዳለበት የሰማነው በኋላ ነው። ደሙ ሲያንስ መቅኔው ለማካካስ ይሰፋና የአጥንቱን ግድግዳ ከውስጥ ያሳሳዋል። የሱንም እዩት እህቴ።

ታላ31፦
እኔም ነቅያለሁ፣ 8 ሰዓት ከ10 ሰዓት መርፌ ሆድ ላይ ተሰክቶ መተኛት ለልጅ ከባድ ነው። በቀን አንዴ የሚዋጥ ዴፌራሲሮክስ አለ፣ ይሆነው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ፣ ኩላሊትና ጉበት እየታየ ነው የሚሰጠው። ደግሞ ለሐኪሞቹ ፌሪቲኑ 3200 ነው ስትዪ መርፌው እየተነቀለ መሆኑንም ንገሪያቸው፣ አለዚያ መድኃኒቱ አልሰራም ብለው መጠኑን ሊጨምሩ ይችላሉ፣ ዴስፌራል ከልክ ካለፈ ራሱ እድገት ይከለክላል፣ በተለይ የጀርባ አጥንቱን። ተቀምጦም ቁመቱ ይለካ፣ እግሩ አድጎ ወገቡ የቀረ እንደሆነ በዛ ነው የሚታወቀው።

ነርስ ነኝ፦
ትክክል። አንድ ነገር ልጨምር፣ ሆርሞን ሐኪሙ ጋ ስትገቡ ለምርመራው አንቺ ውጭ ቆዪ። በዚህ ዕድሜ እናቱ ፊት ልብሱን ማውለቅ ያሳፍረዋል፣ እሺ ቢልም ሊናገር የፈለገውን ይውጠዋል።

የልጁ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የሐሙስ ቀጠሮ አግኝተናል፣ የአከርካሪውንም ራጅ እጠይቃለሁ። ስለ ሚዋጠው ስነግረው "ፓምፑ ይቀራል?" ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ።