ለጨቅላ ቅቤ ማላስ ይቅር ወይስ ይቆይ?

መነሻ፦ በጎጃም በብዙ ቤት ልጅ እንደተወለደ፣ ጡት ከመያዙ በፊት፣ ለጋ ቅቤ በጣት ይልሳል፤ የመጀመሪያው ቢጫ የጡት ወተት፣ እንገሩ፣ ሆድ ያማል ተብሎ ታልቦ ይደፋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህ እንዲቀር ሲመክሩ ቆይተዋል። አሁን ደግሞ እናት ለልጇ የምታወርሰው የአንጀት ባክቴሪያ በዚህ ልማድ ይበላሻል የሚል ምክንያት ተጨምሯል። ምክንያቱ እውነት ነው? እውነት ከሆነስ ልማዱን ለማስቀረት ይበቃል?

አዋላጅ ነርስ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ ቅቤውንና እንገሩን ለያይቶ ማየት ይሻላል። ሕፃን ሲወለድ አንጀቱ ባክቴሪያ እምብዛም የሌለበት ነው፤ ቀድመው የሚሰፍሩበት በአብዛኛው በምጥ ጊዜ ከእናቱ አንጀት፣ ቀጥሎም ከቆዳዋና ከጡቷ የሚመጡት ናቸው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን ወተቷ ነው። ከወተት ስኳርና ከስብ ቀጥሎ በብዛት የሚገኝበት ጠጣር ነገር ሕፃኑ ራሱ ሊፈጨው የማይችለው ልዩ የስኳር ዓይነት ነው። እናት ልጇ የማይፈጨውን ምግብ ለምን ትሠራለች ቢባል፣ ቀለቡ የተሰናዳው ለልጁ ሳይሆን በአንጀቱ ለሚኖሩት ቢፊዶባክቴሪያ ለሚባሉት ነው፤ እነርሱ ያን ስኳር በልተው አሲድ ያመነጫሉ፣ አሲዱም ለበሽታ አምጪዎቹ ቦታውን የማይመች ያደርገዋል። ይህ ስኳር ከኋለኛው ወተት ይልቅ በእንገር ይበዛል፤ በአንድ ሊትር ከ20 ግራም በላይ ሊደርስ ይችላል። የሕፃኑን አንጀት የሚጠብቀው ፀረ እንግዳ አካልም የሚበዛው በዚያው በእንገር ነው። ስለዚህ ከቅቤው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የሚደፋው ነው።

ላም አርቢ፣ ከሞጣ፦ ነርሷ ስለ እንገሩ የተናገሩትን እቀበላለሁ፤ ጥጃም ያለ እንገር እንደማይጠና ላም ያረባ ሁሉ ያውቀዋል፣ በሰው ልጅ ላይ ሲሆን ለምን እንደምንረሳው አላውቅም። ቅቤውን ግን አልለቅም። ቅቤ የሚናጠው ከእርጎ ነው፤ እርጎ ደግሞ ሕይወት ባላቸው ባክቴሪያዎች የረጋ ወተት ነው። ባክቴሪያ መልካም ስጦታ ከሆነ፣ አያት በጣቷ የምታልሰው ቅቤ ከቤቱ የመጣ ሌላ ስጦታ የማይሆንበት ምክንያት ምንድን ነው?

የባዮሎጂ መምህር፣ ከባሕር ዳር፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ባክቴሪያ ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው። እርጎን የሚያረጉት በላም ወተት የለመዱ ናቸው፤ በጨቅላ አንጀት አብዛኞቹ አልፈው ይሄዳሉ እንጂ ጎጆ አይቀልሱም፤ የእናቲቱን ልዩ ስኳር መብላትም እንደ ቢፊዶባክቴሪያ አልተካኑበትም። ካልነጠረ ቅቤ ጋር ደግሞ ከላሚቱ፣ ከናጩ እጅ፣ ከዕቃውና ከውኃው የመጣ ሌላ ነገር አብሮ ይገባል፤ አዋቂ የሚችለውን የአንድ ቀን ልጅ ላይችለው ይችላል። ይህን ስል አንድ ጊዜ የተላሰ ቅቤ የልጁን ዕድሜ ልክ ያበላሻል ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ የሚሉትንም አልደግፍም። ቅቤው ዋናው ጉዳቱ የመጀመሪያውን ጡት ማዘግየቱ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጡት በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲጀመርና እስከ ስድስት ወር ሌላ ነገር እንዳይታከልበት የሚመክረውም ያለ ነገር አይደለም።

እናት፣ ከደብረ ማርቆስ፦ አያቶችን ብቻ የምንወቅስ ከሆነ ፍርዱ ይዛባል። እኔ በቀዶ ጥገና ወለድሁ። ልጄን ለሰዓታት ሳላየው ቆየሁ፤ በዚያ መካከል ማንም ሳይጠይቀኝ የቆርቆሮ ወተት በጡጦ ተሰጥቶት ነበር። ቅቤ ያላሰች ሴት አያት ትመከራለች፤ ይህን ያደረገውን ሐኪም ቤት ማን ይመክረዋል? በቀዶ ጥገና የተወለደ ልጅ የእናቱን ባክቴሪያ አያገኝም ሲሉም ሰምቻለሁና፣ ያጣውን እንዴት ልመልስለት እያልሁ ብዙ ሌሊት አስቤአለሁ።

የባዮሎጂ መምህር፣ ከባሕር ዳር፦ እህቴ፣ ከሚታሰበው በላይ የሚመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በብሪታንያ በ596 ሕፃናት ላይ የታተመ ጥናት፣ በቀዶ ጥገና የተወለዱት ከእናት አንጀት የሚመጡት፣ በተለይ ባክቴሮይድስ የተባሉት፣ እንደሚጎድሏቸውና በሐኪም ቤት የሚገኙ ባክቴሪያዎች እንደሚበዙባቸው አሳይቷል፤ ይሁን እንጂ ልዩነቱ ልጆቹ ምግብ ወደሚጀምሩበት ጊዜ በአብዛኛው ጠብቧል። በቀዶ ጥገና መወለድ ከአስምና ከአለርጂ ጋር ተያይዞ ቢታይም፣ መንስኤው ባክቴሪያው ነው የሚለው አልተረጋገጠም። ከቀዶ ጥገናው በፊት ለእናት የሚሰጠው አንቲባዮቲክም ባክቴሪያውን ቢነካ እንኳ እርስዎን ከቁስል መመርቀዝ የሚጠብቅ ነውና በእርሱ አይጸጸቱ። በፊንላንድ ለሰባት ሕፃናት ከእናታቸው ዓይነ ምድር እጅግ ጥቂት በወተት ተበጥብጦ መሰጠቱን፣ ባክቴሪያቸውም በምጥ የተወለዱትን መምሰሉን በ2020 የታተመ ጥናት ገልጿል። እናቶቹ ግን አስቀድመው ለበሽታ በጥብቅ ተመርምረው አብዛኞቹ ተቀንሰዋል፤ በቤት ይህን መሞከር ልጅን መግደል ሊሆን ይችላል።

አዋላጅ ነርስ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ እናታችን የተናገሩትን ሙያዬ ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። እናትና ልጅ ደኅና እስከሆኑ ድረስ ከቀዶ ጥገና በኋላም ልጁን በእናቱ ደረት ላይ ራቁቱን ማስተኛትና እንገሩን ማስጀመር ይቻላል። ካልተደረገ ጥፋቱ የእኛ ነው።

አማት፣ ከቢቸና፦ ምራቴ በመጪው ጥር ትወልዳለች። ቅቤውን አንጣለሁ፤ ወደ ገንፎዋ እንጂ ወደ ልጁ አፍ እንደማይሄድ አሁን ተቀብያለሁ። እንገሩን ግን እኔም እናቴም የደፋነው በክፋት አልነበረም፤ መግል ይመስለን ነበር። ነርሷ መምጣት ከፈለጉ ገና ሳትወልድ፣ በወሩ 21 ቀን በማርያም ማኅበራችን ይምጡና ለሁላችን ይንገሩን፤ ለምራቴ ብቻ ነግረው እንዳይመለሱ፤ በዚያች ሰዓት በቤቱ የምትወስነው እርሷ አይደለችምና።