የሳጥን ዕጣ እውነት ዕጣ ነው ወይስ እየተበላን ነው?

ጮቄ (ደብረ ማርቆስ)፦
ሰላም ወገን። አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው። የምጫወተው ጌም ውስጥ በብር ገዝተህ ወይም ተጫውተህ አግኝተህ የምትከፍተው፣ ምን እንደሚወጣ የማይታወቅ ሳጥን አለ፤ የወርቁ ጠመንጃ ከሳጥኑ የመውጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ይላል። ከመቶ በላይ ከፍቻለሁ፤ የለም። ሳጥኑ ይንቀጠቀጣል፣ ብርሃኑ ወርቃማ ሊሆን ይልና ድንገት ሰማያዊ ሆኖ ያንኑ ጃኬት ይጥልልኛል። የሰፈሬ ልጅ ግን ትናንት አካውንት ከፍቶ በመጀመሪያው ሳጥን ወጣለት። ይሄ ዕጣ ነው ወይስ ሰው እየለዩ ነው የሚሰጡት?

የጣና ልጅ (ባሕር ዳር)፦
ወንድሜ፣ 1 በመቶ ማለት በመቶኛው ይደርስሃል ማለት አይደለም። ሳጥኑ ያለፈውን አያስታውስም፤ ሁሌም አዲስ ዕጣ ነው። 1000 ሰው መቶ መቶ ሳጥን ቢከፍት 366 ያህሉ ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ያንተ አለመውጣት ብቻውን ማጭበርበር መኖሩን አያሳይም። አንዳንድ ጌሞች ለዚህ ብለው ጣሪያ አበጅተዋል። ጌንሺን ኢምፓክት ላይ የባለ አምስት ኮከቡ ገጸ ባሕርይ ዕድል 0.6 በመቶ ነው፤ ግን ቢዘገይ ቢዘገይ በ90ኛው የግድ ይወጣል። ያንተም ጣሪያ ካለው ሕጉ ላይ ፈልግ።

ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)፦
ሂሳቡ ልክ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ዕጣ ብርቅ አይደለም። ለፋሲካ ቅርጫ ስንገባ በሬው ታርዶ ሥጋው በየመደቡ ይደለደላል፤ ጉበቱም ጨጓራውም ለሁሉም ይዳረሳል። ከዚያ ሁሉም ምልክቱን ይሰጣል፣ የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ተጠርቶ መደቡ ላይ ይጥለዋል። ማንም አያኮርፍም፤ ሲደለደል ቆሞ አይቷላ! ሳጥኑ ላይ ግን ደልዳዩም፣ ዕጣ ጣዩም፣ ሻጩም አንድ ነው። 1 በመቶ ብሎ የጻፈው እውነት መሆኑን ማን ቆሞ አየ? ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ዕድሉን በግልጽ አውጡ ብላ አስገድዳለች። ቤልጅየም ደግሞ በ2018 በገንዘብ የሚገዛውን ሳጥን ቁማር ነው አለች። እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ተጫውተህ ያገኘኸው ሳጥን ባዶ ቢሆን ግድ የለም፣ ጨዋታውን ተጫውተሃል። ተማሪ ልጅ የኪስ ገንዘቡን ከፍሎ ባዶ ሲያቅፍ ግን ነውር ነው።

ጮቄ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። ሕጉን አየሁት፤ ጣሪያ የሚባል የለውም። ከእንግዲህ በብር አልከፍትም። ጣሪያ ያለው የተኩስ ጌም የምታውቁ ጻፉልኝ፤ የስልኬ ራም 3 ጂቢ ነው።