የቂሮስ ጭቃ፦ የሰብአዊ መብት ሰነድ ወይስ የድል ነጋሪት?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን አንድ ፎቶ በየስልኩ እየዞረ ነው። በርሜል የሚመስል የተተኮሰ ጭቃ ነው። ከሥሩ «የዓለም የመጀመሪያው የሰብአዊ መብት ድንጋጌ፤ ቂሮስ ባርነትን ሽሯል» ይላል። የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ539 ባቢሎንን ከያዘ በኋላ ያስጻፈው ነው። እኔም ደስ ብሎኝ አጋራሁት። አጎቴ ግን «የአሸናፊ ወሬ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ጭቃ ሹም፦ ስለ ጭቃ ከሆነ ቅድሚያ ለእኔ ነው። አጎትህ ልክ ናቸው። ባርነትን ሻርኩ የሚል ነገር ጽሑፉ ላይ የለም። ሰው ፈጥሮ የጨመረው ነው። ዋናው ጽሑፍ በጥንቱ የባቢሎን ቋንቋ፣ በአካድኛ ነው፤ 45 መስመር፣ ከፊሉ የተሰበረ። ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የቀድሞው የባቢሎን ንጉሥ ናቦኒደስ የከተማዋን አምላክ ማርዱክን አስቆጣ። ማርዱክ ጻድቅ ንጉሥ ፈለገ። የቂሮስን እጅ ያዘ። ቂሮስ ያለ ጦርነት ባቢሎን ገባ፤ መኳንንቱ እግሩን ሳሙ። ከዚያ «እኔ ቂሮስ፣ የዓለም ንጉሥ፣ ታላቁ ንጉሥ፣ ኃያሉ ንጉሥ» እያለ ይቀጥላል። ይሄ ፉከራ እንጂ የምን መብት ነው? በእሱ ዘመን ባሪያ ሲሸጥ የተጻፉ የባቢሎን ውሎች እኮ እስከ ዛሬ አሉ።

እቴጌ፦ እስቲ የማይፎክር የንጉሥ ጽሑፍ አሳየኝ። የአሦር ነገሥታት ሲፎክሩ «ቆዳ ገፈፍኩ፣ ጭንቅላት ከመርኩ» ነው የሚሉት። ቂሮስ ደግሞ «የአማልክቱን ምስል ወደየመቅደሳቸው መለስኩ፣ ሰዉንም ወደየአገሩ አስገባሁ» ብሎ ፎከረ። ልዩነቱ አይታይህም? ኢራናዊቷ የሰብአዊ መብት ታጋይ ሺሪን ኤባዲ እ.ኤ.አ. በ2003 ኦስሎ ላይ የኖቤል ሽልማቷን ስትቀበል የቂሮስ ዘር ነኝ ያለችው በከንቱ አይደለም።

ጭቃ ሹም፦ ኤባዲን አከብራለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ባቢሎን ያለ ጦርነት ተያዘች፣ እሺ። ከዚያ ቀደም ብሎ ጤግሮስ ወንዝ ዳር ኦፒስ በምትባል ከተማ ጦርነት ነበር። የናቦኒደስ ዜና መዋዕል የሚባለው ጽላት ይመዘግበዋል፤ አብዛኞቹ ተርጓሚዎች እልቂትና ምርኮ ብለው ያነቡታል። ቂሮስ በራሱ ጽሑፍ ላይ ኦፒስን ዝም ብሎ አልፏታል። ደግሞ ጭቃው ለሕዝብ እንዲነበብ የተሠራ አይደለም። የባቢሎን ነገሥታት ግንብ ሲያድሱ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ መሠረት ውስጥ ይቀብሩ ነበር። አንባቢው አምላክ ነው፤ ወይም አንድ ቀን ግንቡን የሚጠግን ሌላ ንጉሥ። ተቀብሮ የሚታወጅ አዋጅ የት አገር አለ?

እቴጌ፦ ለዚህስ መልስ አለኝ! እ.ኤ.አ. በ2010 ጭቃው ያለበት የሎንዶኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ሁለት ቁራጮች እዚያው መጋዘኑ ውስጥ ማግኘቱን ይፋ አድርጓል። ጠፍጣፋ ጽላት ላይ የተጻፈ ያው ቃል ነው። ስለዚህ ጽሑፉ እየተገለበጠ ይሰራጭ ነበር ማለት ነው። ተቀብሮ ብቻ አልቀረም፣ ጭቃ ሹም!

ጭቃ ሹም፦ እሺ፣ እዚህ ላይ ረታሽኝ። ተሰራጭቷል። የተሰራጨው ግን ያው ፉከራ ነው።

ዲያቆኑ፦ እኔ የተገረምኩት በሌላ ነው። ኢሳይያስ ምዕራፍ 45ን ክፈቱ። እግዚአብሔር ቂሮስን «የቀባሁት» ይለዋል፤ ቀኝ እጁን ይዤዋለሁ ይላል። እዚህ ደግሞ ማርዱክ እጁን ያዘ ይላሉ። አንድ ሰው፣ ሁለት ሕዝብ፣ ሁለቱም የእኛ አምላክ ነው የመረጠው ባዮች! ስንቶቻችሁ ግን ጭቃው ስለ ኢየሩሳሌም እንደሚናገር ታስባላችሁ? አይናገርም። የሚጠራው አሹርን፣ ሱሳን፣ አካድን፣ ኤሽኑናን የመሳሰሉ ከተሞችን ነው። የአይሁድ መመለስ ያለው ዕዝራ ላይ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ መስበክ ስህተት ነው፤ እኔም ሰብኬዋለሁ።

አወያይ፦ ታዲያ «ሰብአዊ መብት» የሚለውን ማን አመጣው?

ጭቃ ሹም፦ እንዲህ በዓለም ላይ እንዲናኝ ያደረጉት የኢራኑ ሻህ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 የፋርስን መንግሥት የ2,500 ዓመት በዓል ደግሰው ይህንን ጭቃ አርማ አደረጉት። ቅጂውን እህታቸው ልዕልት አሽራፍ ኒውዮርክ ለተባበሩት መንግሥታት አበረከቱ። በጥንቷ የፋርስ ከተማ በፐርሴፖሊስ ለበዓሉ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ጃንሆይም ነበሩ። ያኔ የሻህ እስር ቤት በፖለቲካ እስረኛ የተሞላ ነበር። አስቡት እንግዲህ።

ባይተዋር፦ ሎንዶን ስለምኖር ሄጄ አይቼዋለሁ። ፎቶው ያታልላል፤ ትልቅ ነገር ይመስላል። 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወፈር ያለ የበቆሎ እሸት በሉት፤ ፊደሎቹ እንደ ፍሬው ተደርድረዋል። አንዱ ጎኑ ጎርሰው የተዉት ይመስል ተገምሷል። ግን ማን እንዳስቆፈረው ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1879 ባቢሎን ላይ ያገኙት የሆርሙዝድ ራሳም ቆፋሪዎች ናቸው።

አወያይ፦ ራሳም? የቴዎድሮስ ራሳም?

ባይተዋር፦ ራሱ ነው! የሞሱል ሰው። የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ይዞ ቆንስል ካሜሮንን ሊያስፈታ መጥቶ እሱም መቅደላ ላይ በእግር ብረት ታሰረ። በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1868) የእንግሊዝ ጦር ሲመጣ ተፈታ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የእሱ ሰዎች ይህን ጭቃ አወጡ። የሚገርመው፣ ጭቃው ላይ ያለው ዋና ወሬ የተወሰዱ ቅዱሳን ነገሮችን ወደ መቅደሳቸው ስለ መመለስ ነው። እዚያው ሙዚየም ውስጥ ደግሞ ለእይታ የማይቀርቡ 11 ታቦቶቻችን አሉ።

ዲያቆኑ፦ እግዚኦ። ለጠባቂው ንገረው እንጂ።

ጭቃ ሹም፦ ከርዕስ ወጣችሁ። ቂሮስም የመለሰው ካህናቱን ወዳጅ ለማድረግ ነው። ፖለቲካ ነው።

እቴጌ፦ ይሁና! በፖለቲካም ቢሆን መልሷል። ሎንዶን በየትኛው ምክንያት እንደምትመልስ ንገረኝ፣ እቀበላለሁ።

አወያይ፦ በቃ የፎቶውን ጽሑፍ ቀይሬዋለሁ። «የቂሮስ ጽሑፍ፤ ባቢሎንን እንዴት እንደያዘና የአማልክቱን ምስል እንደመለሰ የሚተርክ፤ ስለ ባርነት የሚለው ነገር የለም።» ይሻላል?

ጭቃ ሹም፦ «የዓለም ንጉሥ ነኝ» የሚለውን ዘለልከው።