የጨዋታችን ድምፆች ባለቤት ማነው? ለዓይነ ስውራን በምንሠራው ጨዋታ ላይ ምክር እፈልጋለሁ

ጠያቂ፦ የማራኪው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ከጎንደር ነው የምጽፈው። ከአንድ ዓይነ ስውር ጓደኛዬ ጋር ሆነን በጆሮ ብቻ የሚጫወቱት ጨዋታ እየሠራን ነው፤ ዓመት ሊሞላን ትንሽ ቀርቶናል። ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ገበጣ ነው። ጠጠሯ ጉድጓድ ውስጥ ጠብ ስትል ድምፁ ከግራ ጆሮ ወደ ቀኝ ጆሮ ስለሚሄድ የት እንደ ደረሰች ይታወቃል። ሁለተኛው ከፒያሳ ተነስቶ በፋሲል ግቢ አጥር ሥር አድርጎ ወደ ቅዳሜ ገበያ የሚወርድ ጉዞ ነው፤ ተጫዋቹ መንገዱን የሚለየው በባጃጁ፣ በወፍጮ ቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደወል ነው።

ባለፈው ወር የመጀመሪያውን ቅጂ አንድ የመተግበሪያ መደብር ላይ ጫንነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው መደብሩ ከገጹ አነሳው። መክፈቻው ላይ የአንድ ታዋቂ ዘፋኝ ዘፈን ሠላሳ ሰከንድ ያህል አስገብተን ነበር፤ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ አልከራከርም። ያስጨነቀኝ የቀረው ነው። ቁጭ ብዬ ስቆጥር ጨዋታው ውስጥ 143 የድምፅ ፋይል አለ፤ የ61ዱ ከየት እንደመጣ አላስታውስም። አንዳንዱ «ነጻ» ከሚል ድረ ገጽ ነው፣ አንዳንዱ ከሌላ ጨዋታ ተቀድቶ ነው፣ ተራኪው ደግሞ አማርኛ ከሚያነብ የኮምፒውተር ድምፅ የተቀዳ ነው። ለቀጣዩ ክፍል አንድ የታወቀ ልብ ወለድ ወደ ጨዋታ ልንለውጥ አስበናል፤ ለዓይነ ስውራን እስከሆነ ድረስ ይፈቀዳል ያለን ሰው አለ። እውነት ነው? ከየት ልጀምር?

ድምፅ ቀራጩ

ወንድሜ፣ ከ61ዱ ጀምር። ምንጩን የማታውቀውን አውጣው። ከሌላ ጨዋታ የተቀዳውን ግን ዛሬውኑ አውጣ፤ እሱ ባለቤቱ የታወቀ ነው፣ ፈቃድ የለህም፣ አለቀ።

«ነጻ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። በነጻ አውርድ ማለት ሌላ፣ እንደፈለግህ ተጠቀምበት ማለት ሌላ። ፍሪሳውንድ የሚባለውን የድምፅ ማከማቻ እንውሰድ፤ ባርሴሎና ያለው የፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲ በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። እዚያ ውስጥ ጎን ለጎን ሁለት የዝናብ ድምፅ ታገኛለህ። አንዱ ሲሲ ዜሮ ነው፤ ባለቤቱ መብቱን ትቶታል፣ ስሙን እንኳ ባትጠቅስ አይከስህም። ሌላው ስሜን ጥቀስ፣ ለንግድ ግን አትጠቀምበት ይላል። ሁለቱም ዝናብ ናቸው፣ ሁለቱም በነጻ ይወርዳሉ። ሁለተኛውን አስገብተህ ነገ ጨዋታውን በ50 ብር ልሸጥ ወይም ማስታወቂያ ላስገባበት ብትል ፈቃዱን ጥሰሃል። ሌላ ቦታ ደግሞ «አትለውጥ» የሚል ፈቃድ ያጋጥምሃል፤ ጨዋታ ውስጥ ድምፅ ሳይቆረጥና ሳይደጋገም አይሠራም፣ ስለዚህ ለእኛ አይሆንም።

አንድ ሠንጠረዥ ክፈት። የፋይሉ ስም፣ የሠራው ሰው፣ ያገኘህበት አድራሻ፣ የፈቃዱ ዓይነት፣ ያወረድክበት ቀን፣ ምን እንደቆረጥክ ወይም እንደቀየርክ። ገጹንም ፎቶ አንስተህ አስቀምጥ። ይሄን ያወረድክ ዕለት ካልጻፍከው ከዓመት በኋላ አሁን ያለህበት ቦታ ነው የምትቆመው።

የወፍጮውንና የባጃጁን ለምን ከውጭ አገር ታወርዳለህ? ሂድና ቅዳ። ስትቀዳ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እኔ አንዴ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ቀድቼ ቤት ገብቼ ስሰማው ከሞተሩ ሥር የሾፌሩ ቴፕ አለ፤ የሰው ዘፈን ጥርት ብሎ ይሰማል። ያ ቅጂ ጠቅላላ ተጣለ። ሾፌሩን ቀድመህ «አንዴ ዝጋልኝ» በለው።

በጆሮዋ (ከአዘዞ)

እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፣ የድምፅ ጨዋታ ከጀመርኩ ሰባት ዓመቴ ነው። የማራኪው ልጅ፣ መጀመሪያ ስለሠራችሁት አመሰግናለሁ፤ በአማርኛ፣ ያውም በምናውቀው መንገድ የሚሄድ ጨዋታ ስሰማ ደስ ነው ያለኝ።

ወንድማችን «አውጣው» ያለው ልክ ነው። ግን ማውጣት ለእኛ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ለሚያይ ሰው የሙዚቃው ድምፅ ቢቀየር ጨዋታው ያው ነው፣ ከፊቱ ይታየዋል። ለእኔ ግን ድምፁ ራሱ መንገዱ ነው። አንድ የምወደው የውጭ ጨዋታ ውስጥ የበሩ ድምፅ በፈቃድ ክርክር ምክንያት ተቀይሮ ነበር። ድሮ በሩ ሲጢጥ የሚለው ረዝሞ ነው፤ ርቀቱን በሲጥታው ርዝመት ነበር የምለካው። አዲሱ አጭር ጓ የሚል ሆነ። ሁለት ቀን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ስጋጭ ቆየሁ። ስለዚህ የባለቤትነቱን ጉዳይ አሁን፣ ሰው ሳይለምደው ጨርሱት። የምትቀይሩትንም በርዝመትና በቅላጼ ከድሮው ጋር የሚቀራረብ አድርጉ፤ መግቢያው ላይም አዲሶቹን ድምፆች አንድ በአንድ የሚያሰማ መለማመጃ አስቀምጡልን።

ሌላው፣ የባለ ድምፆቹን ስም ዝርዝር በሥዕል አታስቀምጡት። በጽሑፍ ይሁን፣ ስክሪን ሪደራችን (በስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብልን ፕሮግራም) እንዲያነበው። እኛም የማንን ዝናብ እንደሰማን ማወቅ እንፈልጋለን።

ኮድ ጻፊዋ

ስለ ተራኪው ልመልስ። ከኮምፒውተር ድምፅ የተቀዳ ንባብ አንድ ዓይነት አይደለም። ኢስፒክ ኤንጂ የሚባለው የንባብ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፣ ፈቃዱም ጂፒኤል 3 የሚባለው የክፍት ኮድ ፈቃድ ነው። በእሱ ያስነበብከውን ቀድተህ ማስገባት ብዙ አያሳስብም፤ ፕሮግራሙን ራሱን ጨዋታህ ውስጥ ከሰፋኸው ግን የጨዋታህን ኮድም በዚያው ፈቃድ እንድትከፍት ያስገድድሃል። ማይክሮሶፍት አዙር ላይ ያሉት አመሃና መቅደስ የሚባሉት የአማርኛ ድምፆች ደግሞ የኩባንያ አገልግሎት ናቸው፤ የተቀዳውን ይዘህ ከመሸጥህ በፊት የተስማማህበትን ውል ማንበብ አለብህ።

እኔ ብሆን የምናሌውን ንባብ ለተጫዋቹ ስክሪን ሪደር እተወው ነበር። ኮምፒውተር ላይ ኤንቪዲኤ የሚባል ስክሪን ሪደር አለ፤ ጨዋታው ጽሑፉን ይልክለታል፣ እሱም ለተጫዋቹ በለመደው ድምፅና ፍጥነት ያነብለታል። ምንም ድምፅ ማከፋፈል የለብህም። ታሪኩን ደግሞ ሰው ያንብበው።

ድምፁን ግራና ቀኝ የሚያደርግላችሁ ምንድን ነው? ባስ የሚባለው ላይብረሪ (ጨዋታ ውስጥ የሚገባ ዝግጁ የድምፅ ኮድ) ከሆነ ለንግድ ላልሆነ ሥራ ነጻ ነው፣ ስትሸጡ ግን ፈቃድ ይገዛል፤ ዶላር ካርድ ከየት ይመጣል የሚለው እንግዲህ የሁላችንም ችግር ነው። ኦፕንኤኤል ሶፍት የሚባለው ሌላው የድምፅ ላይብረሪ ግን ክፍት ነው። ጎዶት የሚባለው የጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም ደግሞ ኤምአይቲ የሚባለው ፈቃድ ስላለው የፈቃዱን ጽሑፍ አብሮ ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ጋሼ ጠበቃ (ጡረተኛ)

ልጄ፣ የልብ ወለዱን ነገር ተወው፣ ወይም ደራሲውን አስፈቅድ። ያ ሰው የነገረህ የማራካሽን ስምምነት ሰምቶ ይሆናል። በ2013 እ.ኤ.አ. ሞሮኮ ላይ የጸደቀ ስምምነት ነው፣ አገራችንም አባል ናት። የሚፈቅደው ግን የታተመ ጽሑፍን ዓይነ ስውር ሊያነበው ወደሚችለው መልክ፣ ወደ ብሬል ወይም ወደ ድምፅ መጽሐፍ፣ ያለ ትርፍ መገልበጥን ነው። ታሪኩን ወስዶ ጨዋታ ማድረግ መገልበጥ አይደለም፣ አዲስ ሥራ ማውጣት ነው። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብት የደራሲው ነው፤ ጥበቃውም በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። በብዙ የውጭ አገሮች 70 ዓመት ስለሆነ ውጭ ለመሸጥ ካሰብክ እሱንም አስብ።

ገበጣው አያስጨንቅህ። አዋጁ ሐሳብንና ዘዴን አይጠብቅም፤ የጨዋታ ደንብ የማንም አይደለም። ተረትም እንዲሁ፤ አያትህ የነገሩህን በራስህ ቃል ጻፈው። ከመጽሐፍ ላይ ቃል በቃል ከገለበጥከው ግን የሰብሳቢውን አጻጻፍ ነው የወሰድከው።

ማንም ያልጠየቀህን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከጓደኛህ ጋር ውል አላችሁ? ጨዋታው የሁለታችሁ ነው። ውል በጽሑፍ ሲሆን ሁለት ምስክር ያስፈልገዋል። እሱ ደግሞ ዓይነ ስውር ስለሆነ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 መሠረት ፊርማው የሚያስገድደው ሥልጣን ያለው ሰነድ አረጋጋጭ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ነው። ሕጉ የወጣው እሱን ከማታለል ለመጠበቅ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ተፈራርማችሁ አትቀመጡ፤ ሄዳችሁ አስነብባችሁለት፣ እዚያው ይፈርም።

የማራኪው ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ውል የለንም፣ አስበነውም አናውቅ። ለጓደኛዬ የጻፉትን አነበብኩለት፤ ሰኞ አብረን እንሄዳለን።

61ዱን አውጥተናል። የወፍጮውን ዛሬ ቀዳነው፤ ባለቤቷ ድንጋዩ ባዶውን ሲዞርና እህል ሲገባበት ለየብቻ አሰማችን፣ ድምፁ እኮ ይለያያል፤ ባዶው ይጮኻል፣ ጤፍ ሲገባ እየወፈረ ይወርዳል። ልብ ወለዱን ትተነዋል። አሁን ለመክፈቻው አንድ አዝማሪ በማሲንቆ የድሮ ዜማ ይጫወትልን ብለናል። ዜማው የሕዝብ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልግም አይደል?

ጋሼ ጠበቃ (ጡረተኛ)

ዜማው የሕዝብ ነው፣ ጣቶቹ ግን የእሱ ናቸው። ከዋኝ፣ ማለትም የሚጫወተው ወይም የሚዘፍነው ሰው፣ በክዋኔው ላይ መብት አለው። ግጥም እዚያው ካፈለቀ ደግሞ የግጥሙ ደራሲም ነው። በጽሑፍ አድርጉት፦ የቱ ቅጂ እንደሆነ፣ ልትቆርጡት እንደምትችሉ፣ በሚሸጥ ጨዋታ ውስጥ እንደሚገባ፣ ለስንት ጊዜ፣ ስንት እንደከፈላችሁት፣ ስሙ የት እንደሚጠቀስ። አንዱን ለእሱ ስጡት። ክፍያውንም አታሳንሱበት፤ አዝማሪ በየድግሱ ተቀድቶ በየስልኩ ሲዞር አምስት ሳንቲም የማያገኝ ሰው ነው።

በጆሮዋ

የደወሉስ? ከ61ዱ ውስጥ ነበር? ወደ ገበያው ስንወርድ ግራችንን የምናውቀው በእሱ ነውና።

የማራኪው ልጅ

አዎ እህቴ፣ ከወጡት ውስጥ ነው። ከየት እንደቀዳሁት አላውቀውም፤ ድምፁም ሲሰማ የጎንደር ደወል አይመስልም።

ድምፅ ቀራጩ

እውነተኛውን እንቅዳው። ደብሩን እኔ አስፈቅዳለሁ። መቅረጫ አለኝ፣ ሁለት ማይክ ያለው፣ ግራና ቀኙን ለይቶ ይይዛል። እሑድ ለቅዳሴ ሲደወል፣ ባጃጁ ሳይነሳ መሆን አለበት። እህቴ፣ አንቺም ብትመጪ ጥሩ ነው፤ የት ቆመን ብንቀዳ መንገዱ እንደሚለይ ከእኛ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

በጆሮዋ

እመጣለሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ፒያሳ ጠብቁኝ፣ ወንድሜ ያደርሰኛል።